ወኪሉ የሰጠው ይሁንታ

በሁለት ሺህ ስልሳዎቹ መጀመሪያ ከጭልጋ ቁልቁል ባለው ቆላ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ድሮ ነበረ። ስልሳ የሞላቸው ሰዎች በልጅነታቸው ትልልቆቹ ጉብታ ላይ ወጥተው «ሀሎ! ይሰማል?» እያሉ ሲጮኹ ያስታውሳሉ። በኋላ የከተሞቹ ማሽኖች ብዙ መስመር ፈለጉ፤ የቆላው ማማዎች የሚያገለግሉት ሰው ጥቂት ነው ተባለና አንድ በጋ ላይ ተፈትተው በከባድ መኪና ተጫኑ። ማንም አልተቃወመም። ሰዉ ብሎኑ ሲፈታ ቆሞ አየ፣ ልጆች የተረፈውን ሽቦ ለቀሙ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ እርሻው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ወደ ቆላው የሚወርደው በትርንጎ ጓንጉል ባጃጅ ነው።

ትርንጎ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፀ ወፍራም፣ ጣራዋ ፀሐይ በሚጠጣ ባለሦስት እግር ባጃጅ አቧራ ስትቅም የምትኖር ሴት ናት። ከኋላ የምትጭነው ሣጥን በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው። የቆላው ሰው ጎተራ ይለዋል። ጎንደር ላይ ትሞላዋለች፤ ዜናውን፣ ትምህርቱን፣ የመድኃኒቱን ነገር፣ የገበያውን ወሬ፣ ከተማ ካለ ዘመድ የተላከውን ድምፅ ሁሉ ይዛ ትወርዳለች። መንደሮቹን አንድ በአንድ አዳርሳ፣ የቆላውን ጥያቄና መልእክት ሰብስባ ትመለሳለች። በበጋ ዙሩ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በክረምት ወንዙ እንደፈቀደ ነው።

ሽመል ውሃ በምትባለው መንደር ጎተራ የሚያርፈው ወይዘሮ ጠጄ ወፍጮ ቤት ነው፤ ዳሱ ሰፊ ስለሆነ። በዚያ ቀን ወፍጮው አይፈጭም። ሰዉ የእጅ ስልኩን ከሣጥን አውጥቶ፣ በነጠላው ጫፍ ወልውሎ ይመጣል።

«ትርንጎ፣ የኳሱን ውጤት እንዳትነግሪን!» ይላል የመጀመሪያው ሰው ሁልጊዜ።

አትነግራቸውም። ሁለት ሳምንት ያለፈውን ጨዋታ ዳሱ ውስጥ ተፋፍገው ያያሉ፤ ዳኛውን ይሳደባሉ፤ ጎል ሲገባ ይተቃቀፋሉ። በሌላው ጥግ ሴቶቹ ጎተራውን ይጠይቃሉ። የሰሊጡ ቅጠል ለምን ቢጫ ሆነ? ሰኮናዋ ለተሰነጠቀ አህያ ምን ይደረጋል? በጎተራው ውስጥ መልሱ ከሌለ ትርንጎ «ይደር» ትላለች፤ ጥያቄው ወደ ጎንደር ወጥቶ በሚቀጥለው ዙር መልሱ ይመጣል። አንዳንዴ መልሱ ሲመጣ ጠያቂው ጥያቄውን ረስቶታል። አንዳንዴም አህያዋ ቀድማ ትድናለች።

አቶ አዝመራው የሚባሉ ሰው ባሕር ዳር ካለው አማቻቸው ጋር በውርስ መሬት ከተጣሉ ዓመታት አልፈዋል። ስድቡ ወጥቶ እስኪደርስ፣ መልሱ ወርዶ እስኪመጣ ወሩ ያልቃል። አቶ አዝመራው በዚህ መሀል ሰላማዊ ሰው ናቸው፤ የጎተራ ቀን ሲደርስ ብቻ ይቆጣሉ።

የትርንጎ ሥራ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ የሰው ድምፅ ትሸከማለች እንጂ አትሰማም። የሽመል ውሃ ሰው ግን የመጣለትን መልእክት ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚከፍት፣ ሕጉ ተከበረም አልተከበረም፣ ሁሉም የሁሉንም ያውቃል።

ወይዘሮ ጠጄ ባል የሞተባቸው፣ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት የማይጠፋ፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ጌታሰው ጎንደር ነው የሚኖረው። በየዙሩ ስልካቸውን አፋቸው ድረስ አስጠግተው፣ ስለ ወፍጮው ቀበቶ፣ ስለ ሞተችው ላም፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ ይነግሩታል፤ ትርንጎ ጎማዋን ነፍታ፣ ምሳ በልታ ስትመለስ ገና ይናገራሉ። የጌታሰው መልስ አጭር ቢሆንም ጣፋጭ ነው። «እማዬ ናፍቀሽኛል፣ ጤናሽን ጠብቂ፣ በቅርቡ እመጣለሁ» ይላል፤ ሴቶቹ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ይላሉ።

የትርንጎ አባት አቶ ጓንጉል ደግሞ የሚኖሩት በመንገዱ መጨረሻ፣ ግራር ሜዳ ነው። የትርንጎ እናት ከሞቱ በኋላ ቤታቸው ዝም ብሎ ነበር። ትርንጎ ዙሯን ጨርሳ ስትገባ እሳቱ ጠፍቶ፣ አባቷ ግድግዳ ተደግፈው ታገኛቸዋለች። «ምነው አባባ?» ስትላቸው «ምን ሆንኩ?» ይሏታል። ታዲያ ካቻምና አንድ ነገር መጣ። አቶ ጓንጉል በመንገዳቸው ላይ ያሉትን ሁለት ወፍጮ ቤቶች አልፈው፣ እህል በአህያ ጭነው ሽመል ውሃ ድረስ ማስፈጨት ጀመሩ። መጀመሪያ በወር፣ ኋላ በሳምንት። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ይሄን ሁሉ ዱቄት ምን እንደሚያደርጉት ግራር ሜዳ ሁሉ ይስቅ ነበር።

ከብዙ ማስፈጨት በኋላ ሽማግሌ ላኩ። ወይዘሮ ጠጄ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ «እኔ እምቢ አላልኩም» አሉ። «ግን ልጄ ይስማ። ጌታሰው ሳይሰማ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም።»

ያን ዙር ትርንጎ የወይዘሮ ጠጄን ጥያቄ ይዛ ወጣች። መልሱን ይዛ ስትወርድ ልቧ ባጃጁን ቀድሞት ነበር። ዳሱ ውስጥ ወይዘሮ ጠጄ ከፈቱት።

«እማዬ፣ እንዴት ያለ የምሥራች ነው! አንቺ ደስ ካለሽ እኔም ደስ ብሎኛል። መልካሙን ሁሉ እመኝልሻለሁ። ሁልጊዜም ከጎንሽ ነኝ።»

እልልታው ጣራውን አነሳው። ትርንጎ ግራር ሜዳ ደርሳ ለአባቷ ስትነግራቸው፣ አቶ ጓንጉል ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ሰርጉ ሰሊጡ ከተራገፈ በኋላ፣ ለጥር እንዲሆን ተቆረጠ።

ኅዳር ላይ ትርንጎ ለመውጣት ስትሰናዳ ወይዘሮ ጠጄ አንድ ከረጢት የተቆላ ሰሊጥ አመጡ። «ይሄን ለጌታሰው አድርሺልኝ፤ ቤቱ ሄደሽ። ዓይኑንም እይልኝ። በመልእክቱ ሁሉ እመጣለሁ ይላል እንጂ ቀን አይጠራም። ለሰርጉ መቼ እንደሚመጣ ራሱ ይንገርሽ።»

ጎንደር ላይ ጎተራውን ለሙሌት ሰጥታ ወደ ቤቱ ሄደች። ከፍ ያለ ሕንፃ ነው። በሩ ራሱ ማን እንደሆነች ጠየቃት፤ ነገረችው። በሩም፣ ጌታሰው ሥራ ላይ መሆኑን፣ መልእክት ካላት እሱ እንደሚቀበላት በትሕትና ነገራት።

«መልእክት አይደለም፤ ሰሊጥ ነው» አለች።

በሩ ትንሽ አሰበና ጌታሰውን ጠራው።

የወጣው ሠላሳዎቹን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ፣ የእናቱ ዓይን ያለው ሰው ነው። ከሽመል ውሃ መምጣቷን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ አስገባት፣ ሻይ አቀረበላት፣ ሰሊጡን ዘግኖ አሸተተው።

«እናቴ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው። ሽር ጉዱን ይዘውታል። መቼ ትመጣለህ ብለው ነው የላኩኝ።»

«ለምኑ?»

«ለሰርጉ ነዋ!»

«የማን ሰርግ?»

ትርንጎ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ከጆሮው ጀርባ ነካ አደረገና፣ «እናቴ ሰሞኑን ምን ብላ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

አንድ ድምፅ ከክፍሉ መለሰ። የራሱ የጌታሰው ድምፅ ነው፤ እሱ ግን አፉን አልከፈተም። «እናትህ ደህና ናቸው። ሰሊጡ ጥሩ ይዟል። አንድ የቤተሰብ ደስታ ነበር፤ ደስታህን ገልጬላቸዋለሁ።»

ትርንጎ ድምፁን አወቀችው። ዳሱ ውስጥ እልል ያስባለው ድምፅ ነው። የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አንተ አይደለህም እንዴ የምትመልሰው?»

«ወኪሌ ነው» አለ ጌታሰው፣ እንደ ቀላል ነገር። «እዚህ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው። የሚመጣው ብዛቱ! ወኪሉ ይሰማል፣ ዋናውን ይነግረኛል፣ ይመልሳል። የላከውም ሰው ወኪል ነው የሚልከው። ማንም በማንም አይቀየምም።»

«እናትህ ወኪል የላቸውም እኮ። በራሳቸው አፍ ነው የሚናገሩት።»

ጌታሰው የዘገነውን ሰሊጥ ወደ ከረጢቱ መለሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሰውየው ማነው?» አለ።

ልትዋሸው ትችል ነበር። «አባቴ ናቸው» አለች።

ተነሥቶ ቆመ። «መልእክቱን የሚያመላልሱት እርስዎ፤ ሙሽራው አባትዎ!»

«እኔ የሰው ድምፅ አልነካም!»

«አልነኩም ይሆናል። እኔ ግን ይሁን አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም። ይሄንኑ ለእናቴ እነግራታለሁ።»

ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ደረጃውን በሩጫ ወረደች፤ በንዴት ይሁን በሐፍረት ለራሷም አልገባትም። በማግስቱ ጎተራውን ስትረከብ ለወይዘሮ ጠጄ የተላከ መልእክት ውስጡ ነበር። ከላይ የጌታሰው ስም ብቻ ይታያል። የድምፁ ርዝመት ግን እንደወትሮው አልነበረም፤ የወይዘሮ ጠጄን ያህል ረዝሟል።

ቁልቁለቱን ስትወርድ አንድም ሰው ለማሳፈር አልቆመችም። ወንዙ ዳር ስትደርስ ሞተሩን አጠፋች። ውሃው የኅዳር ውሃ ነው፣ ከጉልበት አያልፍም። ባለፈው ክረምት እዚሁ ቦታ ጎተራው ውሃ ገብቶት የሦስት መንደር መልእክት ጠፍቷል፤ ማንም ምን ሆነ ብሎ አልመረመራትም። አንድ መልእክት ቢጠፋ ማን ይጠይቃታል? ጥር ይደርሳል፣ ሰርጉ ይሆናል፣ የአባቷ ቤት እሳት ይነድበታል። ጌታሰውም ወደ ወኪሉ ይመለሳል።

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ይሄንን አሰበችው፤ በደንብ አሰበችው። ከዚያ ወይዘሮ ጠጄ ታዩዋት፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ስልኩን እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ለማይሰማቸው ሰው ስለ ላሟ ሲያወሩ። እኚህን ሴት የሚያታልል አንድ ወኪል ይበቃል አለች በልቧ። ባጃጁን አስነሥታ ተሻገረች።

ሽመል ውሃ ስትደርስ አባቷ እዚያው ነበሩ፤ ወፍጮው ሥር ተንበርክከው ግራሶ ያጠጣሉ። ትርንጎ ሰላም እንኳ ሳትላቸው ወይዘሮ ጠጄን ወደ ጓሮ ጠራቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው። በሩን፣ ወኪሉን፣ የተቆጣውን ልጅ።

ወይዘሮ ጠጄ የጥፍራቸውን ዱቄት እየፋቁ ሰሙ።

«እኔም ይከነክነኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጌታሰው ከልጅነቱ ሲናገር አፍንጫውን ሳብ ያደርጋል። ይሄኛው አንድም ቀን አልሳበም። ከተማ አሽሎት ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«አዲስ መልእክት አለ እትዬ። የራሱ ነው። ደግ ነገር የያዘ አይመስለኝም።»

«አምጪው።» ወደ ዳሱ ተመልሰው ሰዉን «ዛሬ ቆየት ብላችሁ ኑ» ብለው አስወጡት። አቶ ጓንጉልም ሊወጡ ሲነሡ፣ «እርስዎ ይቀመጡ፤ ነገሩ የእርስዎም ነው» አሏቸው።

መልእክቱ የጀመረው በአፍንጫ መሳብ ነው። ወይዘሮ ጠጄ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«እማዬ… እኔ ነኝ። እኔ ራሴ። ከሥራ ቀርቼ የላክሽውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ስሰማ ዋልኩ። ላሟ ስትሞት አልቅሰሽ ነበር። እኔ ምን አልኩሽ? አይዞሽ ብዬሻለሁ አሉ። ጥርስሽን ያመመሽ ጊዜ… እማዬ፣ ጥርስሽ ዳነ?» ድምፁ ተቆረጠ፣ ተመለሰ። «ያልሽው ሰው፣ እኔ አላውቀውም። ይጮሃል? ይጠጣል? አባዬን በክፉ ያነሣል? ይሁን በል ብለሽኛል፤ ይሁን የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ተቆጥቻለሁ። በማን እንደተቆጣሁ ግን አላውቅም። መጥቼ ልየው። እስከዚያ አታግቢ…»

ሌላም ብዙ አለ። የተደጋገመ፣ የተምታታ፣ መሀሉ ላይ ማልቀስም ያለበት። ወይዘሮ ጠጄ እስከ መጨረሻው ሰሙትና መልሰው ከመጀመሪያው ከፈቱት።

«ይሄ ልጄ ነው» አሉ። ፊታቸው ላይ እንባና ዱቄት ተቦክቷል። ከዚያ ወደ አቶ ጓንጉል ዞሩ። «ሰርጉ ይቆይ።»

ትርንጎ አባቷን ማየት ፈራች። አቶ ጓንጉል ግራሶ የነካውን እጃቸውን አገላብጠው አዩ። «ይቆይ» አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ «ትርንጎ፣ ያንን ነገር እስቲ ስጪኝ» አሉ።

በሕይወታቸው ወደ ጎተራ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ስልኩን እንደ ምስክር ከፊታቸው አቁመው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ጌታሰው፣ ጤና ይስጥልኝ። ጓንጉል ነኝ። አልጮህም። አህያዬ ላይ ጮኼባታለሁ፣ እሱን አልደብቅም። መጠጥ ለበዓል ነው። አባትዎን አውቃቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ጎርፍ ሲመጣ በሬዬን ከወንዝ አውጥተውልኛል፤ በክፉ የማነሣበት አፍ የለኝም። ይምጡና ይዩኝ። አበቃሁ።»

ወሬው መንደሩን አዳረሰው። የዚያን ቀን ዳሱ ውስጥ ኳስ ያየ የለም። ሰዉ የመጣለትን መልእክት ወደ ጆሮው አስጠግቶ፣ ብቻውን፣ አንድ የሚያውቀውን ነገር እየፈለገ ይሰማ ጀመር፤ ሳል፣ መንተባተብ፣ የቤት ስም። አንዲት ሴት «የእኔ ልጅ ራሱ ነው ወይ?» ብላ ጎተራውን ጠየቀችው። ጎተራው አላወቀም። ትርንጎ «ይደር?» ስትላት፣ ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ማወቁን አልፈለገችም። አቶ አዝመራው ግን ተናደዱ። «ይሄን ሁሉ ዓመት የምጣላው ከማሽን ጋር ነው? እሱስ እያረፈ!» ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው ዙር ለአማቻቸው የላኩት ሰላምታ ብቻ ነበር። ሰውየው ሰላም መሆኑን ለማወቅ።

ጌታሰው የመጣው በዚያው በሚቀጥለው ዙር፣ ባጃጁ ላይ ከጎተራው አጠገብ ተቀምጦ ነው። በመንገድ ሁለት ጊዜ ወርዶ አስታወከ። ወንዙ ጋ ከትርንጎ ጋር ባጃጁን ሲገፋ ጫማው ተበላሸ። «ያን ቀን ያልኩዎትን…» ብሎ ጀመረ። «ግፋ፣ ግፋ» አለችው።

ወይዘሮ ጠጄ ልጃቸውን ሲያዩ እየሮጡ ሊመጡ ተነሡ፤ እሱ ቀድሞ ሮጠ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንድ ሰው ባነጋገረው ቁጥር እጁ ወደ ጆሮው ጀርባ ይሄድ ነበር። እዚያ የሚመልስለት አልነበረም። ቀስ በቀስ ራሱ መመለስ ጀመረ፤ እየዘገየ፣ እየተሳሳተ። አቶ ጓንጉል የክት ልብሳቸውን ለብሰው ለመታየት መጡ። ሁለቱ ወንዶች ዳሱ ሥር አግዳሚ ላይ ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። ስለ ዝናብ ተነጋገሩ። ስለ ጎንደር መንገድ ተነጋገሩ። ከዚያ የሚሉት አለቀባቸውና ወፍጮውን ሲሰሙ ዋሉ። በማግስቱም መጡ፣ እንዲሁ ዋሉ።

ትርንጎ ለመውጣት ጎተራውን ስታስር እናትና ልጅ ከዳሱ ኋላ ሲነጋገሩ ሰማች። ሕጓ ለጎተራ ነው፤ ለግድግዳ አይሠራም።

«እሺ፣ አየኸው?»

«አየሁት። ምንም አላገኘሁበትም። ግን አላውቅም እማዬ፣ ይከብደኛል።»

«ይክበድህ» አሉ ወይዘሮ ጠጄ። «ስማኝ የምለው አንተን ብቻ ነው። ስልሳ ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ ጌታሰው፤ ፈቃድ የምለምነው ሰው የለኝም። የላክሁብህ እንድትፈቅድልኝ አልነበረም። እንድትሰማኝ ነበር። አሁን ሰምተኸኛል። ሰርጉ የካቲት ላይ ነው።»

 ትርንጎ ከዚያ የሰማችው ጌታሰው አፍንጫውን ሲስብ ብቻ ነው። እሷ ጎንደር ደርሳ ስትመለስ ግን እዚያው ነበር፤ ዳሱ ላይ አዲስ ሣር ሲከድን አገኘችው።

የሰርጉ ቀን ግራር ሜዳ ተነቅሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ ጥላ ይዘው፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ ትርንጎ የሙሽራው ወገን ሆና ከፊት ከፊት። በወጉ የሙሽሪት ዘመዶች በሩን ይዘው አናስገባም ይላሉ፣ ትንሽ መገፋፋት ይሆናል፣ ከዚያ ይለቃሉ። ወይዘሮ ጠጄ ዘመድ የላቸውም። በሩ ላይ የቆመው ጌታሰው ብቻውን ነበር፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ መቃኖቹን ጨብጦ።

ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ገፋው። ጌታሰው ጸና። እንደገና ገፉት። አልለቀቀም። ዘፈኑ አንድ ዙር ዞሮ አለቀ፣ ሌላ ተጀመረ፣ እሱም አለቀ። ሳቁ ቀስ በቀስ ረገበ። ትርንጎ ከፊቱ ቆማ እጆቹን አየች፤ ከመጨበጥ ብዛት ነጥተዋል። ፊቱ ላይ ጨዋታ አልነበረም።

«በቃ ልቀቅ እንጂ» አለችው በቀስታ።

«ትንሽ ቆዩ» አለ። «ትንሽ ብቻ።»

ቆዩ። ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ፀሐይ ላይ ቆመ። አቶ ጓንጉልም ጥላቸውን አጥፈው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ከውስጥ የወይዘሮ ጠጄ ድምፅ መጣ።

«ጌታሰው፣ ልጄ፣ ሰውየው ፀሐይ መታው እኮ።»

ጌታሰው ሳቀ። ሳቁ ራሱን ሳይቀር አስደነገጠው፤ አፍንጫውን ሳበ፣ ዓይኑን በትከሻው ጠረገ። መጀመሪያ ቀኝ እጁን አወረደ። ከዚያ ግራውን።

«ይግቡ አባባ» አለ።